ለአስራ አንድ ቁጥር የተጻፉ ደብዳቤዎች

አዋላጇ ለአለቃዋ «ለሥልጠና ነው የምሄደው፤ ከነመንገዱ አራት ቀን ነው» ብላ ነበር የወጣችው። ለታላቅ ወንድሟም ያለችው ይህንኑ ነው። ውሸት አልነበረም፤ ሥልጠናው በእርግጥ ነበረ፣ መጥሪያውም ማኅተም ነበረበት። ነገር ግን አብረዋት የመጡት ሁለት ነርሶች ከተማው መሀል ዘመድ ቤት ሲያርፉ፣ እሷ ለብቻዋ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ የጡብ ፋብሪካውን አልፋ፣ ሹፌሩ «እህት፣ ከዚህ በኋላ መንገድ የለም፤ ውረጂ» እስኪላት ድረስ ለምን እንደተጓዘች ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ምክንያቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አስራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች። የሁሉም ጀርባ ላይ አንድ አድራሻ ተጽፏል፤ በከተማው ዳርቻ ያለ የአንድ ርካሽ ሆቴል ስምና «ክፍል ቁጥር 11» የሚል።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አንድ ወጣት የውሃ መሐንዲስ እሷ ወደምትኖርባት ትንሽ ከተማ መጥቶ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ጉድጓዱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው። እሱ ቧንቧ ሊያይ ሲመጣ እሷ መስኮት ትዘጋለች፤ እሷ መስኮት ስትከፍት እሱ ቧንቧውን ይረሳዋል። በሦስት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ስምንት ወር ፈጀ። የከተማው ሰውም «ኧረ ይሄ ልጅ የሚፈልገው ውሃ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» እያለ ይስቅ ነበር። ውሃው ሲወጣ መሐንዲሱ «ከአባቴ ጋር ተነጋግሬ እመለሳለሁ» ብሏት ሄደ። አባቱ ስማቸው የናኘ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው። የእሷ እናት ደግሞ የዚያው ጤና ጣቢያ ወለል ስትወለውል ኖራ የሞተች ሴት ናት። ሁለቱም ይህንን ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም አላነሱትም።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጻፈላት። ከዚያ ጭጭ አለ። ስምንት ወር።

በእነዚያ ስምንት ወራት እሷም ብዕር አላነሳችም፤ አንድ ሐሳብ ሲበላት ኖረ። የሀብታም ልጅ የገዛ ቤቱ እያለ ለምን በሆቴል አድራሻ ይጽፋል? ሊደብቀኝ ነዋ! ቤተሰቡ ስሜን እንዳያይ ነዋ! ታዲያ ያቺን የተደበቀችባትን ጉድጓድ በዓይኗ አይታ፣ ቁርጧን አውቃ ለመመለስ ነበር የመጣችው። ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው።

ሆቴሉ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ክፍሎቹ ግቢውን ከበው የተደረደሩ ናቸው፤ መሀል ግቢው ላይ የታጠቡ አንሶላዎች በገመድ ተሰጥተው ነፋስ ያንገላታቸዋል። እዚህ የሚያርፉት ለሆስፒታል ቀጠሮ የመጡ፣ ፈተና የሚፈተኑ፣ መለዋወጫ የሚነግዱ፣ ባጠቃላይ መሀል ከተማ ማደር ኪሳቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች ናቸው። የሆቴሉ ባለቤት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ የማይለያቸው ሴት ናቸው። ሲራመዱ ስለሚንሿሹ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ ቁልፌ» ይላቸዋል።

እትዬ ቁልፌ መዝገቡን ገፋ አደረጉላት። ስሟንና የመጣችበትን ከተማ ጻፈች። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አዩ፤ ቀና ብለው እሷን አዩ፤ እንደገና ጽሑፉን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ሥራሽ?»

«አዋላጅ ነኝ።»

ከሚስማሩ ላይ የሦስት ቁጥርን ቁልፍ አንስተው የነበሩት ሴትዮ መልሰው ሰቀሉትና የአስራ አንድን አወረዱ። «ያለው ይሄ ብቻ ነው» አሉ። ከኋላቸው ስድስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «ውሃ ጠዋት ከአስራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ድሮ ቀኑን ሙሉ ነበር። ፓምፑን የሚጠግንልን ሰው ልቡ ተሰብሮ ሄደ።»

ይህንን ሲሉ ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር። አዋላጇ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም። ብቻ እንደ ሌባ ተሸማቅቃ ደረጃውን ወጣች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ጡብ ፋብሪካው የሚያይ መስኮት። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፤ አቧራ ሲገባ ዘጋችው። ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበሰችው። እዚህ ላይ ነው የጻፈልኝ? ወይስ እዚህ ክፍል እግሩም አልረገጠ፤ ደብዳቤ ሊቀበል ብቻ ነው የሚመጣው? ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችበት አታውቅም። የመጣችው ልትጠላው ነበር፤ ጥላቻው ግን አልመጣ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ እትዬ ቁልፌ አንሶላ ሲያሰጡ አገኘቻቸው።

«ባልሽ ደህና ነው?» አሏት፣ ፊታቸውን ከገመዱ ሳይመልሱ።

«ምን ባል?»

«ያገባሽው ነዋ! ሁለት ነው እንዴ ያለሽ?»

«እትዬ፣ ከሌላ ሰው ጋር አሳስተውኝ ነው። እኔ አላገባሁም።»

ሴትዮዋ ዞሩ። እርጥቡ አንሶላ ከእጃቸው አምልጦ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ ልብም አላሉት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን አታሞኚኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ፖስታሽን ከፖስተኛው እየተቀበልኩ ወደ ክፍሉ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ትናንት መዝገቡ ላይ ስትጽፊ ነው ያወቅሁሽ። ‹ር›ን እንደ ዓሣ መንጠቆ የሚያጣምም ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም። እዚህ አስራ አንድ ቁጥር ተቀምጦ የጠበቀሽን ልጅ ጥለሽ አግብተሻል።»

«ተቀምጦ?» አለች አዋላጇ። ፊቷ ላይ ያለው ውሃ አንገቷ ላይ ሲወርድ አልታወቃትም። «እዚህ ይኖር ነበር?»

«ታዲያ የት ይኑር? አባቱ ‹ወይ እሷን ወይ ቤቴን ምረጥ› ቢሉት አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣ። ‹እትዬ፣ የከተማው ርካሹ ክፍል የትኛው ነው?› አለኝ። በአንደኛው ሳምንት ፓምፔን ጠገነ፤ በሁለተኛው ልጄ ሆነ።»

«አልነገረኝም… አንድም ቀን አልጻፈልኝም…»

«‹በኔ ምክንያት ከቤቱ ወጣ ብላ ትጨነቃለች› ይል ነበር። እኔማ ‹ንገራት፣ ሴት ልጅ ስትጨነቅ ትጠነክራለች እንጂ አትሰበርም› ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።»

«ታዲያ አገባች ያለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፏ ከመውጣቱ በፊት እትዬ ቁልፌ እየተንሿሹ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ነበር። «ካንቺ የመጣለት የመጨረሻው ደብዳቤ ነው፤ ሊቀደው ሲል ነው የቀማሁት። ለምን እንደቀማሁት እግዜር ይወቅ። እንኪ፣ ራስሽ አንብቢው።»

*ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለፈው ወር ትዳር ይዣለሁ። ባለቤቴ ጨዋ ሰው ነው። ያለፈው አልፏል፤ የተቀደደ ይጣፋል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ትዳሬን እንዳትበጠብጥብኝ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ፤ አደራ።*

ፊደሉ የእሷ ነው። መንጠቆ የመሰለው ‹ር›ም አለ። እሷ ግን አልጻፈችውም። ሦስተኛውን መስመር ደግማ አነበበችው። «የተቀደደ ይጣፋል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም።» ይህቺን አባባል ሱቅ ውስጥ፣ መቀሱን በእጁ እንደያዘ፣ ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚናገር አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ፊደል ያስቆጠራት፣ ጣቷን ይዞ ‹ር›ን ያስጣመማት፣ የፖስታ ሳጥኑ በስሙ የሆነው ሰው።

ወንድሟ።

ስልኩ እንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ነበር። እትዬ ቁልፌ ራሳቸው ቁጥሩን አስደውለው መነጽራቸውን ለመወልወል ያህል ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ጆሯቸው ግን ከዚያው አልራቀም።

«እታለም!» አለ ወንድሟ። ከኋላው የስፌት መኪናው ይንኳኳል። «ደህና ገባሽ? ብርድ ልብስ ሰጡሽ? እኔ እኮ ትናንት ማታ—»

«ወንድም ጋሼ፣ ያገባሁት መቼ ነው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«እታለም…»

«ሙሽራው ማን እንደሆነ ንገረኝ። መቼም እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ግን ረስቼዋለሁ።»

 ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ያረጀ ድምፅ።

«አባታችን ‹ከተማ ደርሼ እመጣለሁ› ብሎ ሲሄድ አንቺ ገና ጡት አልተውሽም። እናታችን ሰባት ዓመት ሙሉ በር በሩን ስታይ የነበረውን እኔ ነኝ ያየሁት። ውሻ በጮኸ ቁጥር መሐረቧን ታስተካክል ነበር። አንቺም ፖስታ መጣ በተባለ ቁጥር ጋውንሽን እንደለበስሽ ስትሮጪ ሳይ እሷን ነው ያየሁት። የሀብታም ልጅ ነው፣ እታለም። አባቱ በደጃቸው አያሳልፉሽም። መቅረቱ ላይቀር ምጥሽን ላሳጥርልሽ ብዬ ነው።»

«ምጥ እንዴት እንደሚያጥር ለኔ ልታስተምረኝ?» አለች። «ከዚያ በኋላ ጽፎ ነበር?»

«…ሦስት ጊዜ።»

«የት አሉ?»

«አልከፈትኳቸውም። በእናታችን ይሁንብኝ አንዱንም አልከፈትኩም። ማቃጠልም አልሆነልኝ።»

መነጋገሪያውን አስቀመጠችው። ብትሰድበው በተሻላት ነበር፤ ግን ሊሰደብ የሚችል ሰው አይደለም። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና እናቷ ስትሞት ነው የተረከባት። «መጀመሪያ እሷ ትማር» እያለ የራሱን ትዳር ያሳለፈ፣ ዛሬም ብቻውን የሚበላ ሰው ነው። ደግሞም ስምንት ወሯን የሰረቃት እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አንድ ደረት ውስጥ አልገባ አሏት። ባንኮኒውን ይዛ ቆመች፤ መቀመጥም መሄድም አቃታት።

የዚያን ቀን ሥልጠና ላይ የተማረችው ነገር የለም። ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን እንድትረዳ የሰጧትን አሻንጉሊት አቅፋ እሽሩሩ ስትለው አሠልጣኙ «ሲስተር፣ እሱ እኮ አያለቅስም» አላት። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሰዓቷን ግን አምስት ጊዜ አይታ ነበር፤ ምክንያቱም እትዬ ቁልፌ ጠዋት ስትወጣ በር ላይ ይዘዋት «ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ለልጁ መልእክት ልኬበታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ከተበላሸ ስድስት ወሩ ነው» ብለዋታል።

አስር ሰዓት ላይ ግቢውን ስትረግጥ ከአንሶላዎቹ ማዶ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ያጎነበሰ ሰው አየች። ጀርባውን ከሺህ ጀርባ ትለየዋለች። የእግሯን ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ። የያዘው መፍቻ በጣቶቹ መሀል ቆመ። ከስቷል። ጆሮ ግንዱ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ የድሮው፣ ቧንቧ የሚያስረሳው ብርሃን ብልጭ አለ፤ ወዲያው ግን በር እንደሚዘጋ ሰው ዘጋው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ አጎንብሶ። «እንዴት ነዎት?»

*ነዎት።* በጥፊ ቢመታት ይሄን ያህል አያማትም ነበር።

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ባለትዳር ሴት በአንቺታ አትጠራም። ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

«እርስዎ አትበለኝ አልኩህ!» ጮኸች። ከፎቁ ሁለት መለዋወጫ ነጋዴዎች አንገታቸውን አወጡ፤ እትዬ ቁልፌ ከታች በዓይናቸው መለሷቸው። አዋላጇ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህንን እኔ አልጻፍኩትም። ወንድሜ ነው። ፊደሌ ፊደሉ ነው፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። አላገባሁም። ስምንት ወር ሙሉ የፖስታ ሳጥን ስከፍት ስዘጋ ነው የኖርኩት። አንተስ? የአንድ ቀን መንገድ ነው! አንድ ወረቀት አምነህ ተቀመጥክ? መጥተህ በዓይንህ ማየት አቃተህ?»

«መጥቻለሁ።»

ወረቀቱን የያዘው እጇ ወደ ታች ወረደ።

«ሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ ሲያጡ መጣሁ» አለ፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ዝናብ ነበር። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከእህል ወፍጮው ጥግ ቆምኩ። ስትወጪ አየሁሽ። አንድ ረጅም ሰው በትልቅ ጥቁር ጃንጥላ እራስሽን ከልሎ፣ እሱ እየበሰበሰ አንቺን ከዝናብ ያስጥላል። እንዲህ የሚወዳት ሰው ካገኘች እኔ ምን አለኝ ብዬ… በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ።»

አዋላጇ አፏን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መሰለው፤ አንድ እርምጃ ተጠጋ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ በጣቶቿ መሀል እየወረደ ትስቃለች።

«ልጁን እኮ ነው! አንተ ጅል፣ ያቀፍኩትን ልጁን ነው ያስጠለለው! ከአምስት ሴት ልጅ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ ነው። ሚስቱ ከኋላ በቃሬዛ ትመጣ ነበር፤ ‹እኔስ? እኔ ዝናብ የማይነካኝ ድንጋይ ነኝ?› እያለች ስትሰድበው ነበር እኮ!»

መሐንዲሱ የታንከሩ መሠረት ላይ ተቀመጠ፤ መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው የሚባለው።

«ልጁን…» አለ።

«ልጁን።»

«አንቺ…» አለ፣ ቃሉን እንደ ውሃ ጠጣው። «አንቺ። አንቺ። ስምንት ወር ይህቺን ቃል አፌ ላይ አላመጣኋትም።»

እጇን ሊይዝ ሲል መዳፉን አየው፤ ቅባትና ዝገት ነው። መልሶ ሰበሰበው። እሷ ግን ዘርግታ ያዘችው። ከሥልጠና ያላወለቀችው ነጭ ጋውኗ እጅጌ ላይ የአምስት ጣት አሻራ ቀረ፤ ሁለቱም አላዩትም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ፊቱ ዳግመኛ ሲጠቁር አየችው። «አባባ ከወደቁ ስድስት ወር ሆነ» አላት። «ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። መናገርም አይችሉም። ለዚህ ነው ከዚህ ለቅቄ ወደ ቤት የተመለስኩት። ያባረሩኝ ሰው ካላጎረስኳቸው አይበሉም። ጥዬ ልሂድ ብዬ ጫማዬን አስሬ አውቃለሁ፤ ከበሩ አላለፍኩም። ዛሬ አንቺን ‹ነይ› የምልበት ቤት የለኝም፤ ‹ልምጣ› የምልበት እግርም የለኝም። ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

እሷም አላወቀችም። በወረዳው ያለችው አንድ አዋላጅ እሷ ናት፤ በዚህ ወር የሚወልዱ አራት ሴቶች ቀን ይቆጥራሉ። ውሸት ያልሠራው፣ ማንንም የማይከሱበት አጥር መሀላቸው ቆሟል። ብዙ ካሰበች በኋላ ከአፏ የወጣው ግን የፍቅር ቃል አልነበረም።

«ጀርባቸው ቆስሏል?»

«ምን?»

«አባትህ። በየስንት ሰዓቱ ነው የምታገላብጣቸው?»

መሐንዲሱ አያት፤ ብዙ ሰው «እግዜር ይማርልህ» ብሎታል፣ ይህንን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ዓይኑ ሞላ። «ቆስሏል» አለ። «እንዴት እንደማደርግ አላውቅም።»

በማግስቱ ከሥልጠና በኋላ የመሐንዲሱ አባት ቤት ዘበኛ ትልቁን የብረት በር ከፈተላት። ሳሎኑ ውስጥ የአምፖሉ ዘለላ እንኳን የእሷንና የወንድሟን ቤት ያህላል። ሽማግሌው ግን ከጓዳው በሚያንስ ክፍል፣ በአንሶላ ተጠቅልለው ጣራ ያያሉ። «ጤና ይስጥልኝ አባባ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። አንሶላውን አጥፋ ጉልበት ሳያባክኑ እንዴት እንደሚያዞሯቸው፣ ትራሱ ከጉልበታቸው መሀል እንዴት እንደሚገባ፣ ቁስሉ በምን እንደሚታጠብ ለልጃቸው አሳየችው። ሽማግሌው ማን እንደሆነች ገብቷቸዋል፤ ደህናው ዓይናቸው ከፊቷ አልተነቀለም። ጨርሳ ስታጎነብስላቸው በሙሉ ኃይላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መሐንዲሱ በሐፍረት ቀለጠ።

«ተዋቸው» አለች እጇን እየታጠበች። «ወደ ግድግዳ መዞሩም ለጀርባቸው ጥሩ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ሳቁ አመለጠው፤ አፉን በክንዱ አፍኖ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። እሷ አጠገቡ ቆመች። አልተቀበሏትም፤ ታውቃለች። ቢሆንም ከዚያ ቤት የወጣችው ቀና ብላ ነው።

ሆቴሉ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በሩ አጠገብ፣ የእንጨት አግዳሚው ላይ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል።

«ይሄ ሰውዬ ከመጣ ጀምሮ ውሃ እንኳን አልቀምስ አለኝ» አሉ እትዬ ቁልፌ። «‹እህቴ ሳትፈቅድልኝ አልገባም› ነው የሚለው።»

ወንድሟ ተነሳ። ከተማቸውን ለቆ አያውቅም፤ የአንድ ቀን መንገዱ ፊቱን አመድ አልብሶታል። ከደረት ኪሱ ሦስት ያልተከፈቱ ፖስታዎች አውጥቶ በሁለት እጁ ለእህቱ ሰጣት። ወደ መሐንዲሱ ዞረ።

«አንተን አላውቅህም ነበር» አለ። «በአባቴ ጥፋት ፈረድኩብህ። ምታኝ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያ ደግሞ ለኔ ማቅለል ይሆናል።»

የመሐንዲሱ መንጋጋ ሲጠብቅ አዋላጇ አየች። ይቅርታ ከአፉ አልወጣም። ዞር ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ትናንት ከጠገነው ፓምፕ የሚመጣውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ለሰውየው አቀበለው። «ይጠጡ» አለ። «መንገዱ ረጅም ነው።»

ወንድሟ ጠጣ። ከዚያ ሁለቱም ወንዶች በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ወንድሟ «እዚሁ ትቅር፣ እኔ ብቻዬን እችላለሁ» ይላል፣ መሐንዲሱ «በኔ በሽተኛ ቤት ልትታሰር አይገባም» ይላል።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለች።

የእትዬ ቁልፌ ዘለላ እንኳን ዝም አለ።

«አንዱ በኔ ስም ጽፎ ወሰነ። አንዱ ጃንጥላ አይቶ ወሰነ። አሁንም ስለኔ ትከራከራላችሁ፤ እኔ እኮ እዚህ ነኝ። አንድ ሰው እንኳን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የማይጠይቀኝ ለምንድን ነው?»

መሐንዲሱ ወደ እሷ አንድ እርምጃ መጣ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ነገ እመለሳለሁ» አለች። «አራቱ ሴቶች እስኪወልዱ። ከክረምቱ በኋላ ምትክ አዋላጅ እንደሚመጣ ቃል ተገብቶልናል፤ ያኔ ወደዚህ ዝውውር እጠይቃለሁ። አባትህ ወደ ግድግዳ ይዙሩ ወደኔ ይዙሩ፣ አብረን እናገላብጣቸዋለን። እስከዚያ ደብዳቤህ በቀጥታ ጤና ጣቢያው ይምጣ። በወንድሜ ሳጥን አይደለም። እና ሌላ ነገር ብትሰማ፣ ሌላ ነገር ብታይ፣ ከእህል ወፍጮው ጥግ አትቁም። መንገዱን ተሻግረህ ጠይቀኝ።»

«እሻገራለሁ» አለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከቆመችበት ታየው ነበር፤ የእሷም እንደዚያው ይመታ ነበር።

ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ መሐንዲሱ በመስኮቱ በኩል ጥቂት ተራመደ፣ ከዚያ ሮጠ፣ ከዚያ ጡብ ፋብሪካው ጋ ቀረ። አዋላጇ ከከተማው እስኪወጡ ጠብቃ የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደደች። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንዳያይ ብሎ ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዙሮ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛው ላይ ድንገት ከት ብላ ሳቀች።

«ምን ይላል?» አለ ወንድሟ ሳያስበው።

«አይመለከትህም።»

አንገቱን ደፋ። መንገዱ ገደል ገደሉን መያዝ ጀመረ። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ፣ «እታለም፣ ይቅር ብለሽኛል?» አላት።

አየችው። የካፖርቱ ሁለተኛ ቁልፍ ሊበጠስ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ የሰውን ልብስ ሲሰፋ የሚውለው ሰው።

«ገና» አለች።

ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠበቀም። መንገዱ ሲያዞረው ጭንቅላቱ ወደ ትከሻዋ አዘነበለ፤ አልገፋችውም። ደብዳቤዎቹን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛ ወደ ውጭ ታይ ጀመር። ፊት ለፊቷ ቀን የሚቆጥሩ አራት ሴቶች አሉ፤ ከኋላዋ ደግሞ ቅባት የነካው አንድ እጅ አለ። ልቧ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይሮጣል። ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሮጥ ግን እሷም አላወቀችም።